የግሪክ ቲያትር በድሬ ጋራ ላይ እንዴት ይሠራል?

የድራማ ክበብ ያላችሁ ሰዎች ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ስፒከርና ስለ መድረክ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጋራ ፈልጉ እላለሁ። የጥንት ግሪኮችም የጀመሩት ከዚያ ነው። የአቴንሱ የዲዮኒሶስ ቲያትር የአክሮፖሊስን ኮረብታ ተደግፎ ነው የተሠራው።

ድሬ ጋራ ሞልቷል። እናንተ ግን ጎድጎድ ብሎ ሰው የሚያቅፈውን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረውን ምረጡ። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከኋላ ስለምትሆን ተመልካቹ ጥላ ያገኛል። ከዚያ በፊትማ፣ አቦ፣ በዚህ ሙቀት ማን ከቤቱ ይወጣል! ደቻቱ ወንዝ ዳር አይሞከርም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ከጋራው ግርጌ ሜዳው ላይ ችካል ምቱ። 3 ሜትር ገመድ እሰሩበትና በኖራ ክብ አዙሩ። ይህ ኦርኬስትራው ነው፤ በግሪክ መዘምራኑ እየዘፈኑ የሚጨፍሩበት ቦታ። ኤፒዳውሮስ የሚባለው የግሪክ ጥንታዊ ቲያትር ኦርኬስትራ ወርዱ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ ለትምህርት ቤት 6 ሜትር ይበቃል። ችካሉን ሳትነቅሉ ገመዱን እያስረዘማችሁ የመቀመጫዎቹን መስመር አስምሩ። ግማሽ ክብ ላይ አትቁሙ። እኩል ግማሽ ላይ የሚቆሙት ሮማውያን ናቸው፤ ግሪኮቹ ትንሽ ያልፋሉ።

አሁን ቁፋሮ። እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ኋላ 75 ሳንቲሜትር፣ ወደ ላይ ከ35 እስከ 40 ይሁን። ጠርዙን አሸዋ በሞላ ማዳበሪያ ደግፉት። ከፍታው ላይ አትሰስቱ። ሜዳ ላይ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ድምፁንም እይታውንም ይጋርዳል። ኤፒዳውሮስ 55 ረድፍ ይዞ ከላይ የተቀመጠው የሚያየው ለዚህ ነው። መርፌ ስትወድቅ እዚያ ጫፍ ድረስ ይሰማል የሚባለውን ግን አትመኑ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ የአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለክተው ሹክሹክታ ላይኛው ረድፍ ጥርት ብሎ እንደማይደርስ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጆቹ ድምፃቸውን ያውጡ።

በክቡ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። ግሪኮቹም የዝናቡን ውሃ የሚያስወጡት በድንጋይ ቦይ ነበር። ከክቡ ጀርባ የሚቆመው ግድግዳ መጨረሻ ይምጣ፤ እንጨትና ጨርቅ ይበቃዋል። በግራና በቀኙ መተላለፊያ ተዉ፤ መዘምራኑ የሚገቡት በዚያ ነው። ከዚያ አንዱን ልጅ መሐል አቁሙ፣ ሌላውን ላይኛው ረድፍ ላይ አስቀምጡና አስወሩ። ድምፁ ካልተሰማ ማዳበሪያውን ከማብዛታችሁ በፊት ችካሉን ወደ ጋራው ጠጋ አድርጉት።