ፍሊት ተነፍቶ የሚመለሰው በረሮ

ቆሻሻ ማታ ማታ ማውጣት፣ ዕቃ ሳይታጠብ አለማሳደር... እሱን ታውቁታላችሁ።

መታጠቢያ ቤት አልፎ አልፎ ትልቅ በረሮ ይታያል

ቀላ ያለና 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የመጣው ባብዛኛው ከፍሳሽ መስመር ነው። የወለሉ ማፍሰሻ ላይ ጠበቅ ያለ ወንፊት አድርጉ። የማትጠቀሙበት ማፍሰሻ ካለ ውሃ ጨምሩበት፤ ውስጡ የሚቆመው ውሃ ሲደርቅ መንገዱ ይከፈታል።

ኩሽና መብራት ሲበራ ትናንሾቹ ይበተናሉ፤ ፍሊት ቢነፋም ይመለሳሉ

በረሮ ማጥፋት ሥራዬ ነው፤ የምጠራውም ባብዛኛው ለዚህ ነው። የጀርመን በረሮ ይባላል። 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከራሱ በስተኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አለው። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች። ፍሊት ከረጢቱ ውስጥ አይዘልቅም። ከሞት የተረፉትንም ወደ ሌላ ክፍል ይበትናቸዋል።

አንዲት እናት በየማታው ትነፋለች፣ በየጠዋቱ ሬሳ ትጠርጋለች። «መቼ ጀመረሽ?» አልኳት። ያገለገለ ፍሪጅ ከገዛች ወዲህ ነው! ሶኬቱን ነቅለን የኋላ ክዳኑን ስንከፍት ሞተሩ ዙሪያ ተነባብረዋል። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስለው ኩሳቸው ጥግ ጥጉን ሞልቶታል። ሙቀትና ጠብታ ውሃ ያለበትን ይወዳሉ። እናም ፍሪጁን፣ የስቶቩን ጀርባ፣ የሲንኩን ሥር በባትሪ ፈትሹ። ፍሪጁን ሳትነቅሉ እንዳትነኩት!

መድኃኒቱ የበረሮ ጄል ነው፤ በረሮው ምግብ መስሎት የሚበላው መርዝ ያለበት ቅባት። ምስር የምታክል ጠብታ፣ በብዙ ቦታ፣ በመደበቂያቸው አፍ ላይ። የበላው ጎሬው ገብቶ ይሞታል፤ ኩሱንና ሬሳውን የሚበሉትም ይከተሉታል። ጄሉ አጠገብ ፍሊት አትንፉ። አንዱ ደንበኛዬ ጄሉን ቀብቼለት ስወጣ «ለጥንቃቄ» ብሎ ላዩ ላይ ነፋበት። ድግስ ደግሶ በር መዝጋት ማለት ይህ ነው። ማን ይብላለት?

ቦሪክ አሲድ የሚባለውን በረሮ የሚገድል ነጭ ዱቄት የምትጠቀሙ ስስ አድርጋችሁ በትኑ፤ ከተከመረ ዞረውት ያልፋሉ። ልጅ የሚደርስበት ቦታ በፍጹም! ምግብ አጠገብም በፍጹም! ስቶቭ እየነደደ ፍሊት የሚነፋውን ሰውዬ ግን ምን ልበለው?

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ዛሬውኑ አሠሩ። ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያሉ፤ ያለ ውሃ ግን ቶሎ ያልቃሉ።

ቁም ሳጥን አናትና ሥዕል ጀርባ ከታየ

ሌላ ዝርያ ነው፣ ብዙም አይገጥምም። ጄሉን ከፍ ካለ ቦታ አድርጉ።

ካርቶን ወደ ቤት አታስገቡ፤ በረሮው ከነእንቁላሉ በእጥፋቱ ተደብቆ ይመጣል። ጄሉን ካደረጋችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያጣብቅ ወጥመድ ፍሪጁ ሥር አሳድሩ። ክንፍ ያላወጡ ግልገሎች ከተያዙ ገና እየተፈለፈለ ነውና ጄሉን አድሱት።