በተወዛዋዦች መረብ ውስጥ ከፊል መናበብን በኮምፒውተር ለማየት

ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑና በእኩል ሕግ የተሳሰሩ ተወዛዋዦች (እንደ ፔንዱለም አንድን ዑደት የሚደጋግሙ ነገሮች) ከፊሎቹ ተናብበው፣ ማለትም እኩል እየተራመዱ፣ ሲጓዙ የቀሩት ሊበታተኑ ይችላሉ። ይህን ሁኔታ ተመራማሪዎቹ ኩራሞቶና ባቶግቶክ እ.ኤ.አ. በ2002 የገለጹት ሲሆን፣ ኪሜራ የሚለውን ስያሜ የሰጡት አብራምስና ስትሮጋትዝ በ2004 ነው።

ይህን በኮምፒውተር ለመሥራት 256 ተወዛዋዦችን በቀለበት ላይ በእኩል ርቀት ይደርድሩ። ተፈጥሯዊ ፍጥነታቸውን (ሳይሳሰሩ የሚወዛወዙበትን) ለሁሉም ዜሮ ያድርጉ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ፌዝ (በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ ከሚያሳየው ማዕዘን) የሌላውን ፌዝ ቀንሰው 1.39 ራዲያን ይደምሩና ሳይኑን ይውሰዱ፤ ይህንንም የጥንዶቹ የማዕዘን ርቀት ኮሳይን በ0.995 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት በሚገኘው ክብደት ያባዙት። የሁሉም ድምር ለ256 ተካፍሎ ምልክቱ ወደ አሉታዊ ሲለወጥ የፌዙን የለውጥ ፍጥነት ይሰጣል። ስሌቱን አራተኛ ደረጃ ሩንገ-ኩታ በተባለው የቁጥር ስሌት ዘዴ በ0.025 የጊዜ እርምጃ ማስኬድ በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መነሻው ነው። ሙሉ መናበብም በራሱ የተረጋጋ በመሆኑ፣ ሁሉም ከአንድ ፌዝ ከተነሱ ኪሜራው ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ በአንዱ የቀለበት ክፍል ፌዞቹን በዘፈቀደ በሰፊው ይበትኑ፤ ከዚያ ሲርቁ መበታተኑ ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሂድ።

ውጤቱን በአንድ ቅጽበት ሥዕል ብቻ መዳኘት ያሳስታል፤ የእያንዳንዱን አማካይ ፍጥነት በረጅም ጊዜ ያስሉ። የተናበቡት በጠፍጣፋ መስመር ላይ ሲያርፉ፣ የተበታተኑት ከመስመሩ የሚለይ ኩርባ ይሠራሉ። ተወዛዋዦቹ ጥቂት ከሆኑ ኪሜራው ድንገት ፈርሶ ወደ ሙሉ መናበብ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ቁጥራቸውን ጨምረው ይድገሙት።