በጾም ቀን ሲንጋፖርን በእግር

ለሥልጠና ሲንጋፖር የሄድኩት በዓቢይ ጾም አጋማሽ ነው። እናቴ «እዚያ ምን ትበያለሽ?» ብላ በሶና ድርቆሽ አሸክማኝ ነበር። በሶው ሳይፈታ ተመለሰ።

ጉዞውን ከሕንዶቹ ሰፈር ከሊትል ኢንዲያ ጀምሩ። ምክንያት አለኝ፦ በቻይናዎቹና በማላዮቹ ዘንድ ጎመን መስሏችሁ ያዘዛችሁት ውስጥ ከተቦካ ሽሪምፕ የሚሠራ ቤላቻን የሚባል ቅመም ሊኖር ይችላል። ሕንዶቹ ጋ ግን ሥጋና ዓሣ ጨርሶ የማይነኩ ምግብ ሻጮች አሉ። ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ተካ የሚባለው ገበያ አጠገባችሁ ነው። መጀመሪያ ወንበር ያዙ። ሰዉ ቦታ የሚይዘው ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት አስቀምጦ ነው። ይህን ሳላውቅ በሰው ሶፍት አፌን ጠርጌያለሁ።

ቶሳይ እዘዙ። ሊጡ ከሩዝና ከጥራጥሬ የተቦካ ነው። ሴትየዋ ምጣዱ መሃል ላይ ታፈስና በጭልፋው ጀርባ እያዞረች ወደ ዳር ትስበዋለች፤ እኛ ከዳር ወደ መሃል፣ እሷ ከመሃል ወደ ዳር። ዓይን ባይኖረውም ኮምጠጥ ይላል። «አንቲ፣ ኖ ጊ» በሏት፤ ጊ የነጠረ ቅቤ ነው፣ አንቲ ደግሞ እትዬ እንደማለት። ስትጨርሱ ትሪውን መልሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትቶ መሄድ ያስቀጣል።

ፈተናው ቡናው ላይ ነው። «ኮፒ» ካላችሁ ወፍራም የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል። «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ያለ ወተት፣ ያለ ስኳር ነው፦ ኦ በሆኪየን ቻይንኛ ጥቁር፣ ኮሶንግ በማላይኛ ባዶ። ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን ጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ፍሬው ሲቆላ ብዙ ጊዜ ስኳርና ማርጋሪን፣ አንዳንዴም ቅቤ እንደሚገባበት ሰማሁ። የቡና አገር ልጅ ሆኜ ወደ ሻይ ዞርኩ፤ «ቴ ኦ ኮሶንግ» ነው የሚባለው።

ከዚያ በባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ቻይናታውን ነው። ባቡር ውስጥ ውኃ እንኳ አትጠጡ፤ ቅጣቱ እስከ 500 የሲንጋፖር ዶላር ይደርሳል። ሳውዝ ብሪጅ ሮድ ላይ፣ በቻይናዎች ሰፈር መሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1827 የተመሠረተው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ስሪ ማሪያማን አለ፤ ጥቂት እርምጃ አልፎ የጃማኤ መስጊድ፣ ወረድ ብሎ የቡድሃ ቤተ መቅደስ። ነጠላ ያዙ፦ ለትከሻም፣ ለኤሲው ብርድም።

እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ነው። አንድ ጣቢያ ወደ ክላርክ ኪ ተመለሱና ኮልማን ድልድይን ተሻግራችሁ ሂል ስትሪትን ይዛችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራው የአርመኖች ቅዱስ ጎርጎርዮስ እዚያ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ለእኛዋ ተዋሕዶም እህት። ንድፉ ድልድዩ የተሰየመለት የጆርጅ ኮልማን ነው። ከመንገደኛነቴ የተነሳ ሰዓት አልጠበቅኩም፤ እስከ ዘጠኝ የምትጾሙ ከሆነ ግን ከዚህ ጀምራችሁ ተካ ላይ ጨርሱ።

በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ጥበቃው «አያስፈልግም፣ ግቢ» አለኝ። በካልሲዬ ገባሁ።