ከጦርነቱ የተረፉትን ደብዳቤዎች እንዴት አደረቅኳቸው

ጦርነቱ አብቅቶ ቤታችን ስንመለስ ጣሪያው ተበሳስቶ ነበር። ዝናቡ የደብዳቤውን ካርቶን አርሶታል። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በቀይ መስቀል በኩል የደረሱንም አሉበት፤ ሳይታሸጉ የሚላኩ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍባቸው። ጣሪያ ይጠገናል። እነዚህ ግን ምትክ የላቸውም።

በግድ አላላቀቅኳቸውም። እርጥብ ወረቀት ሲጎትቱት ይቀደዳል። ሻጋታ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ሁሉን በአንዴ ማድረቅ ስለማይቻል ግማሹን በፌስታል ጠቅልዬ ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ። ቅዝቃዜ ሻጋታን አይገድልም፤ እንዳይስፋፋ ግን ያቆመዋል።

የቀረውን ነጭ ሶፍት ላይ ዘርግቼ መስኮት ከፈትኩ። ሶፍቱ በራሰ ቁጥር እቀይራለሁ። ፀሐይ ላይ አላሰጣሁም፤ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ወረቀቱንም ያኮማትራል። የተጣበቁት ጠርዛቸው ሲላላ ስስ ፕላስቲክ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ለያየኋቸው። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው፤ እምቢ ያለውን ለነገ መተው ይሻላል።

በእርሳስ የተጻፉት ፍንክች አላሉም። ወንድሜ ከመጠለያ የጻፈው፣ «በሩን ሰማያዊ እንቀባዋለን» የሚለው መስመር እንዳለ አለ። በውሃ የሚሟሟ ቀለም የተጻፈባቸው ግን ፈስሰው የሚነበቡት በከፊል ነው።

ሲደርቁ መጽሐፍ ጫንኩባቸው። ከዚያ ፊትና ጀርባቸውን በስልክ አንስቼ ለእህቶቼ ላክሁ። የሻገተ ወረቀት ካጋጠማችሁ ማስክ ሳታደርጉ አትንኩት።