ላቦራቶሪ ለሌለው ክላስ፣ ሰርኪት በሲሙሌሽን

ላቦራቶሪ ከሌላችሁ ወይም ካለም ተቆልፎ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ፌት (PhET) የሚባለውን የሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ ሙከራ፣ ድረ ገጽ ሞክሩት፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው፣ ነፃ ነው። ኔት ያለበት ቦታ ሆናችሁ የምትፈልጉትን ሲሙሌሽን ዳውንሎድ አድርጉና በፍላሽ ያዙት፣ ከዛ ያለ ኔት በብሮውዘር ይከፈታል። መብራት ከጠፋና ፕሮጀክተር ከሌለ ልጆቹን በግሩፕ ላፕቶፑ ዙሪያ ሰብስቧቸው።

የዲሲ (ባንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከረንት) ሰርኪት ሲሙሌሽኑን እንክፈት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከ10 ኦም አምፖል ጋር አገናኙ፣ አሜትሩ (ከረንት መለኪያው) 0.9 አምፔር ያነባል። አሁን ቆም በሉ! "ሌላ እኩል አምፖል በሲሪስ (በተከታታይ) ብጨምር ብርሃኑ ምን ይሆናል?" በሉና ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ሳይገምቱ ካዩት ፊልም እንደማየት ነው የሚሆንባቸው። ከዛ ማውሱን ለተማሪ ስጡት፣ ራሱ ይጨምር፣ አሜትሩ 0.45 ሲያነብ ለምን ብሎ መከራከሩ አይቀርም፣ ተዉት ይከራከር።

ባትሪውን ጫፍ ለጫፍ በሽቦ ብቻ ስታገናኙት ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል፣ ክላሱ በሳቅ ያልቃል፣ ግን ቤት ሄደው በሶኬት እንዳይሞክሩት አደራ በሏቸው። እና ሽቦው ውስጥ የሚሄዱት ትልልቅ ኳሶች ኤሌክትሮኖች መሆናቸውን፣ መጠናቸው ግን እንዲታዩ ብቻ የተጋነነ መሆኑን ሳትነግሯቸው አትለፉ።