ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓትን በመሥሪያ ቤትዎ እንዴት ይጀምራሉ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ ሠራተኛ 2:30 ላይ ለመፈረም ከቤቱ የሚወጣው ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ ነው፤ ከተማው በሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚንቀሳቀስ የታክሲው ሰልፍም የመንገዱ መጨናነቅም በዚያችው ሰዓት ይበረታል። በጀርመን ሙኒክ አቅራቢያ ኦቶብሩን ይገኝ የነበረ የአውሮፕላን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሠራተኞቹ የመግቢያ ሰዓታቸውን በተወሰነ ገደብ ውስጥ እንዲመርጡ ሲፈቅድ፣ አንዱ ምክንያቱ ይኸው የጠዋት መጨናነቅ ነበር። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አሠራሩን በግል ድርጅት ውስጥ ለመጀመር ለሚያስቡ ኃላፊዎች ነው።

በመጀመሪያ የሥራ መደቦችን አንድ በአንድ ይመርምሩ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ ወይም ሪፖርት አዘጋጅ ሰዓቱን ቢያሸጋሽግ ሥራው አይጎዳም፤ የጥበቃ፣ የእንግዳ መቀበያና የገንዘብ ቤት ሠራተኞች ግን በቦታቸው መገኘት አለባቸው። ለእነዚህ ቢያንስ እርስ በርስ ፈረቃ የሚለዋወጡበትን ግልጽ ሥርዓት ያብጁላቸው፤ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውና ከሩቅ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

ቀጥሎ ሁሉም ሠራተኛ የሚገኝበትን የጋራ ሰዓት ይወስኑ። ለምሳሌ መግቢያው ከጠዋቱ 1:00 እስከ 4:00፣ የጋራው ሰዓት ከ4:00 እስከ 6:00 እና ከ8:00 እስከ 10:00፣ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍቱ ደግሞ በመካከሉ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት 1:00 ላይ የገባ ሠራተኛ 10:00 ላይ፣ 4:00 ላይ የገባው ደግሞ ምሽት 1:00 ላይ ስምንት ሰዓቱን አጠናቆ ይወጣል። ስብሰባዎች ሁሉ ከጋራው ሰዓት እንዳይወጡ በጽሑፍ ይደንግጉ፤ 2:00 ላይ ስብሰባ የሚጠራ አንድ ኃላፊ ብቻ ካለ አሠራሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈርሳል።

ሕጉን ሳያዩ ምንም ነገር አይፈርሙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሆኖም የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ቀሪውን ለሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ ገደቡ የቀኑ ሥራ ከስምንት ሰዓት በላይ ከሁለት ሰዓት የበለጠ እንዳይራዘም ነው። በሳምንት 40 ሰዓት በሚሠራበት ቢሮ፣ ለጁምዓ ሶላት ዓርብ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ሠርቶ ለመውጣት የሚፈልግ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ቢሠራ ሒሳቡ ይሟላል። እንዲህ ያለውን ዝግጅት ከማጽደቅዎ በፊት ግን የመደቡ ሥራ በእርግጥ የሚፈቅደው መሆኑን የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

አብልጬ የማሳስበው ስለ መውጫ ሰዓት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የመግቢያው ሰዓት በእርግጥ ላልቶልን ነበር፤ ነገር ግን ማለዳ የገባውም አርፍዶ የገባውም ማታ 3:00 ላይ በቴሌግራም ሥራ ይታዘዝ ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ወደ ቀድሞው ሰዓት መመለስን መረጥን። ስለዚህ ሠራተኛው ሰዓቱን ከጨረሰ በኋላ መልስ ባለመስጠቱ እንደማይጠየቅ በመመሪያው ውስጥ ያስገቡ። ከመደበኛው ሰዓት በላይ እንዲሠራ ካዘዙት ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል፤ በአዋጁ መሠረት ይህ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። «ጠዋት አርፍደህ ትገባ የለ» የሚል መልስ ይህን ክፍያ አያስቀርም።

የሰዓት ምዝገባው ቀላል ይሁን፦ የአሻራ መሣሪያ ካለ እርሱ፣ ከሌለ ሠራተኛው ራሱ የሚሞላውና የቅርብ አለቃው በየሳምንቱ የሚፈርምበት ቅጽ ይበቃል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ሠራተኛ የመረጠውን ሰዓት ለአንድ ወር ያህል እንዳይለውጥ ቢደረግ መልካም ነው፤ በየቀኑ የሚቀያየር ሰዓት የሥራ ባልደረባን ያደናግራል።

ሙከራውን የበጀት ዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋባቸው በሰኔና በሐምሌ አይጀምሩ። መስከረም ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ፈቃደኛ በሆነ አንድ የሥራ ክፍል ቢጀምሩ የሚያደርሰው ልጅ ያለው ወላጅ ጥቅሙን ወዲያው ያየዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ሠራተኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ሁለት ጥያቄዎችን እንዲመልሱ ያድርጉ፦ በእነዚህ ሦስት ወራት የሚፈልጉትን ባልደረባ አጥተው ሥራቸው የቆመው ስንት ጊዜ ነው? ከመውጫ ሰዓታቸው በኋላስ ስንት ጊዜ ለሥራ ተፈለጉ? የጋራውን ሰዓት የሚያሰፉት ወይም የሚያጠቡት የመጀመሪያውን መልስ አይተው ነው፤ ሁለተኛው መልስ ግን በቀጥታ ለክፍሉ ኃላፊ ይቅረብለትና ምላሽ ይስጥበት።