ይሉኝታ ያለበት ዳታቤዝ፦ በኤስኪውላይት ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ደንበኛዬ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ የሰዎቹ ስልክ ዜሮው ጠፍቷል፤ አንዱም አይጠራልኝም» አለኝ። ሄጄ ሳየው እውነቱን ነው። በ09 መጀመር የነበረበት ቁጥር ሁሉ በ9 ይጀምራል። ፕሮግራሙ ግን አንድም ቀን ኤረር አላሳየም። ወራት ሙሉ ዜሮውን እየበላ «ተመዝግቧል» ሲል ከርሟል።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነበር።

ኤስኪውላይት ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ዳታቤዝ ነው። ሰርቨር አይፈልግም። ዳታው በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ክፍያ የለውም፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ፣ አንድሮይድም ይሁን አይፎን፣ አለ። ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ፋርማሲ ወይም ለአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ይሉኝታ ያጠቃዋል። የሰጣችሁትን «እሺ» ብሎ ይቀበላል። ቅር ቢለውም አይናገርም። እዚህ ሐዋሳ ትንንሽ ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ከዚህ ጠባይ የሚነሱ ናቸው።

ስልክ ቁጥርን እንደ ቁጥር መቁጠር

የስልኩን ኮለም (የሠንጠረዡን ዓምድ) ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ብዬ ነበር የፈጠርኩት። ስሙ «ቁጥር» ስለሆነ አሳሳተኝ። ኤስኪውላይት ኢንቲጀር በተባለ ኮለም ውስጥ ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ሲገባ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ቁጥር ደግሞ ፊቱ ላይ ዜሮ አይይዝም። የሚገርመው፣ ባለሱቁ ሁለት ስልክ በእዝባር ለይቶ ያስገባባቸው ደንበኞች ዜሯቸው አልጠፋም። እነዚያ ቁጥር ስላልመሰሉት እንደ ጽሑፍ ትቷቸዋል፤ ያውም ኢንቲጀር በተባለው በዚያው ኮለም ውስጥ!

በሌሎች ዳታቤዞች የኮለም ዓይነት ሕግ ነው። እዚህ ግን ምክር ነው። ዋጋ የሚለው ቦታ ላይ ፀሐፊዋ «ሁለት መቶ» ብላ በፊደል ብትጽፍ ይገባል። በኋላ ድምር ስትሠሩ ያ መስመር እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ይጎድላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ሁሉ ቴክስት (ጽሑፍ) ይሁን። ስልክ፣ የታርጋ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የካርድ ቁጥር እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው፣ ቴብሉን (ሠንጠረዡን) ስትፈጥሩ መጨረሻው ላይ ስትሪክት የሚለውን ቃል ጨምሩ። ያኔ «ሁለት መቶ» ሲመጣ እምቢ ይላል። ይህ ከ3.37 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው፤ ቆየት ያለ አንድሮይድ ስልክ ላይ አይሠራም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስትሪክት ብቻውን የስልኩን ዜሮ አያድንም። ወደ ቁጥር መቀየር የሚችለውን አሁንም ይቀይረዋልና የመጀመሪያው መፍትሔ አይቀርም።

የዱቤ መዝገብ ያለ ባለቤት ሲቀር

ይህን ስህተት ያልሠራ ሰው አላገኘሁም። አንድ ቴብል ለደንበኛ፣ አንድ ቴብል ለዱቤ ትሠራላችሁ። የዱቤው ቴብል ደንበኛውን በፎሪን ኪይ፣ ማለትም ወደ ደንበኛው መስመር በሚያመለክት ኮለም፣ ይጠቅሳል። በወረቀት ላይ ሁሉም ያማረ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ባለሱቁ ደንበኛውን ከመዝገብ ይሰርዛል። ዳታቤዙ «ይህ ሰው እኮ ዱቤ አለበት» ማለት ነበረበት። ዝም ይላል። ሦስት ሺህ ብሩ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤስኪውላይት ፎሪን ኪይን ማስከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲባል ቁጥጥሩ ጠፍቶ እንዲነሳ ተደረገ። የምታበሩት እናንተ ናችሁ። ትእዛዙ «ፕራግማ ፎሪን ኪይስ» ነው፤ በፎሪንና በኪይስ መካከል የታች ሰረዝ አለ፤ ከዚያ እኩል ይሆናል ኦን። አንዴ ማብራት አይበቃም። ፕሮግራሙ ፋይሉን በከፈተ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ኮኔክሽን ላይ መደገም አለበት። ትራንዛክሽን (ሁሉም አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች) ከጀመራችሁ በኋላ ካላችሁት ደግሞ ምንም አያደርግም፤ ኤረርም አይሰጥም። ስለዚህ ካበራችሁ በኋላ «እኩል ይሆናል ኦን» የሚለውን ትታችሁ ያንኑ ትእዛዝ ጠይቁት። 1 ካለ በርቷል፤ 0 ካለ አልሰማችሁም።

ገንዘብን በነጥብ ማስቀመጥ

ሪል በተባለው ባለነጥብ የቁጥር ዓይነት 0.1 እና 0.2 ስትደምሩ በትክክል 0.3 አይመጣም። ይህ የኤስኪውላይት ሳይሆን የኮምፒውተር ጠባይ ነው። ዋጋን በሳንቲም፣ በኢንቲጀር አስቀምጡ። 45 ብር ከ50 ማለት 4550 ነው። ስታሳዩ ለ100 አካፍሉ። አለቀ።

ጳጉሜን፣ ሰዓትና የሌሊት ተረኛ

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ አገር ችግር ስለሆነ ከውጭ የሚመጡ መማሪያዎች ላይ አታገኙትም።

ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የለውም። ቀንን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ቁጥር ነው የሚይዘው። የቀን ፈንክሽኖቹ የሚያውቁት ደግሞ የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 13ኛ ወር ብትሰጡት ባዶ ይመልሳል። ጳጉሜን ውስጥ የተሸጠው ሁሉ ከሪፖርት የጠፋበት ፕሮግራም አይቻለሁ። ከጳጉሜን ውጭም ቢሆን የእኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ስለሆነ «የመድኃኒቱ ጊዜ ሊያልፍ ስንት ቀን ቀረው» የሚለው ስሌት ይዛባል። ስለዚህ ውስጥ የሚቀመጠው በፈረንጅ ይሁን፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፣ ወርና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ። እንዲህ ሲሆን በጽሑፍነቱም በትክክል ይደረደራል። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሩት ስክሪን ላይ ስታሳዩ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «ከረንት ታይምስታምፕ» የሚሰጣችሁ የግሪንዊችን ሰዓት ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ 9 ሰዓት) የተሸጠ ነገር 06:00 ተብሎ ይመዘገባል። ካሸሪዋ ይህን ስታይ «በ6 ሰዓት እኮ ምሳ ላይ ነበርኩ» ትላለች፤ አይፈረድባትም። ሌሊት ተረኛ የሆነ ፋርማሲ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሸጠው ደግሞ በቀደመው ቀን ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የቀኑ ሽያጭ ከካዝናው ጋር አልገጥም ሲል መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። አስቀማጩን በግሪንዊች ተዉት፤ ስታነቡ ግን 3 ሰዓት ጨምሩ። አገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀያይር ይህ ሁልጊዜ ልክ ነው።

ሐዋሳን ፈልጎ አዋሳን ማጣት

የከተማችንን ስም እንውሰድ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ። ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለኤስኪውላይት አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ኃይሉን በሀይሉ ስትፈልጉ «የለም» ይላል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የለም ስለተባለች አዲስ ካርድ ታወጣለች። አንድ በሽተኛ ሦስት ካርድ ይኖረዋል፤ የቀደመ የሕክምና ታሪኩም ተበታትኖ ይቀራል። ይህ ከቴክኒክ ጉዳይ በላይ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከስሙ ጎን ሌላ ኮለም እጨምራለሁ። ስሙ ሲገባ ፕሮግራሙ ሐን፣ ሓን፣ ኀን፣ ኃን እና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን እና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሮ እዚያ ያስቀምጣል። ሌሎቹንም የፊደል ቤቶች እንዲሁ፦ ሑ እና ኁ ወደ ሁ፣ እያለ ይሄዳል። ሰው የሚፈልገውንም ቃል በዚሁ መንገድ አጥቤ በዚያ ኮለም እፈልጋለሁ። ስክሪን ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ የጻፈው ስም ነው። የሰው ስም አይነካም። ሐዋሳን ከአዋሳ ለማገናኘት ፊደል ማጠብ አይበቃምና የከተማ ስም ከዝርዝር ይመረጥ እንጂ በእጅ አይጻፍ።

ስም ላይ እያለን አንድ ነገር ልጨምር። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቃል መሐል ላይ ነጠላ ጭረት (') ሊመጣ ይችላል፤ ኦሮምኛም እንዲሁ። ዳታቤዝ በሚታዘዝበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል ውስጥ ደግሞ ያ ጭረት የጽሑፍ መጨረሻ ነው። የሰውን ስም ከትእዛዙ ጋር በመደመር ምልክት የምትገጣጥሙ ከሆነ እንዲህ ያለ ስም ሲመጣ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ተንኮለኛ ሰው ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ቴብሉን ሊሰርዝባችሁ ይችላል። በቦታው የጥያቄ ምልክት አስቀምጡና ዋጋውን ለብቻ አቀብሉ። በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ብትጽፉ ይህ መንገድ አለ።

ድርብ ጭረትም (") የራሱ ጣጣ አለው። ለኮለም ስም ነው የሚያገለግለው። ግን ስሙን ከተሳሳታችሁ ኤስኪውላይት «እንዲህ ያለ ኮለም የለም» ከማለት ይልቅ ጽሑፍ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ውጤቱ ባዶ ሲሆን ግራ ይገባችኋል። ለጽሑፍ ሁሌ ነጠላውን ተጠቀሙ።

«ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ»

ኤስኪውላይት ጮክ ብሎ ከሚናገራቸው ጥቂት ኤረሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ይፈራዋል። ትርጉሙ ግን «ሌላ ሰው እየጻፈ ነው፤ ጠብቁ» ነው። በአንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ «ፕራግማ ቢዚ ታይምአውት» ብላችሁ አምስት ሺህ ሚሊሰከንድ ስጡት፤ ወዲያው ተስፋ ከመቁረጥ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ጆርናል ሞዱን ዋል (WAL፣ አዲሱ ለውጥ መጀመሪያ ለብቻው ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት ዘዴ) አድርጉት። ያኔ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ማንበብ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ፣ ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ሰው «አዎ» የሚለውን በተን እስኪጫን አትጠብቁ። ሰውየው ቡና ሊጠጣ ቢወጣ ሱቁ በሙሉ ይቆማል።

ሁለት ኮምፒውተር በኔትወርክ ሼር በተደረገ ፎልደር አንድ ፋይል ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ግን አይሞከር። በኔትወርክ ላይ የፋይል መቆለፊያ አይታመንም፤ ዋልም በተለያዩ ማሽኖች መካከል ጭራሽ አይሠራም። ሱቁ ሁለት ካሸር ካስፈለገው ሰርቨር ወዳለው ዳታቤዝ፣ ወደ ፖስትግሬስ ሂዱ፣ ወይም ፋይሉን የሚነካው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ሌሎቹ እሱን ይጠይቁት።

«አራት ሺህ ዕቃ ከኤክሴል ሳስገባ ለምን ይዘገያል?» ለሚለውም መልሱ ትራንዛክሽን ነው። ለብቻው የገባ እያንዳንዱ መስመር ዲስኩ ላይ በትክክል እስኪያርፍ ይጠበቃል። በአሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ ይህ በሰከንድ ስድሳ አካባቢ ነው፤ አራት ሺሁ ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። ፊቱ ላይ ቢጊን፣ መጨረሻው ላይ ኮሚት ካላችሁ ግን ዓይን እስክትጨፍኑ ያልቃል።

መብራት ሲጠፋ የሚቀረው ትንሽ ፋይል

ክረምት ላይ መብራት ሄድ መለስ ይላል። ኤስኪውላይት ለዚህ የተሠራ ነው። ከመጻፉ በፊት የነበረውን ይዘት ጆርናል በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ቀጥሎ ሲከፈት ያንን አንብቦ ራሱን ይመልሳል። ታዲያ አንድ ልጅ መብራት ሲመጣ ከዳታቤዙ ጎን የማያውቀውን ፋይል አየና ቆሻሻ መስሎት አጠፋው። ጥፋቱ የተፈጠረው ያኔ ነው። ዳታቤዙ ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ አሮጌ ሆኖ ቀረ። የዳታቤዙን ስም ይዞ መጨረሻው ላይ ሰረዝና ጆርናል ወይም ሰረዝና ዋል የሚል ፋይል ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ሲንክሮነስን (ዳታው ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ የሚያስጠብቀውን ቅንብር) ኦፍ እንድታደርጉ የሚመክራችሁንም አትስሙ። ከተማችን ውስጥ ያ ፍጥነት ዋጋው ውድ ነው።

ባክአፕም እዚህ ላይ ይበላሻል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ኮፒ ማድረግ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ ኮፒው መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ዋል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የዛሬው ሽያጭ ገና በዋል ፋይሉ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዛሬ ቀረ ማለት ነው። ወይ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ወይ «ቫኪዩም ኢንቱ» ብላችሁ የአዲሱን ፋይል ስም ስጡት። ይህ ከ3.27 ቨርዥን ጀምሮ አለ። ሰዎች እየሠሩ ሳለ ሙሉና ንጹሕ ኮፒ ያወጣል። ብዙ ነገር ሰርዛችሁ ፋይሉ ያልቀነሰላችሁም መልሳችሁ ይኸው ነው፤ የተሰረዘው ቦታ ለሚቀጥለው ዳታ ይቆያል እንጂ ቫኪዩም ካላላችሁት አይለቀቅም።

ፍላሹ ላይ ያለውን ኮፒ በሌላ ላፕቶፕ ከፍታችሁ «ፕራግማ ኢንተግሪቲ ቼክ» በሉት። ጤነኛ ከሆነ ኦኬ ይላችኋል። ይህ ቼክ ግን ባለቤት ያጣ ዱቤን አይፈልግም። እሱን «ፕራግማ ፎሪን ኪይ ቼክ» ለብቻው ነው የሚያወጣው፤ የመለዋወጫ ሱቁ ላይ ሳስኬደው አሥራ አንድ መስመር ወጣ፤ ከባለሱቁ ጋር አንድ በአንድ እያስታወስን ባለቤቶቻቸውን መለስን።